ከቨርጂንያ ጠረፍ 43 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመው የነፋስ ኃይል ሙከራ፦ የአንድ ከፋይ ደንበኛ ግምገማ

ጀልባችን ከቨርጂንያ ቢች የሩዲ መውጫ ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሥታ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ከተጓዘች በኋላ፣ ከአድማሱ ላይ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ብቅ አሉ። እየቀረብን በሄድን መጠን መስመሮቹ ምሰሶ፣ ምሰሶዎቹም ሦስት ሦስት ክንፍ ያላቸው ተርባይኖች ሆኑ፤ ከሥራቸው ስንደርስ ደግሞ የክንፉን ጫፍ ለማየት ማንጋጠጥ ግድ ሆነብን። ከውኃው በላይ ያለው የመሠረቱ ክፍል ደማቅ ቢጫ ቀለም የተቀባ ሲሆን፣ ማዕበሉ በሚደርስበት ቁመት ላይ ቀለሙን አረንጓዴ አልጌ ሸፍኖታል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎም ጥቋቁር ዛጎሎች እንደ ድንጋይ ሽበት ተጣብቀውበታል። ካፒቴኑ ሞተሩን ሲያጠፋው እያንዳንዱ ክንፍ ወደ ታች ሲወርድ አየሩን የሚሰነጥቅበት ረጋ ያለ ድምፅ በግልጽ ተሰማን፤ ጥላውም በየጥቂት ሰከንዱ በጀልባዋ ላይ ያልፍ ነበር። አብሮኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዶላር የወጣው ለእነዚህ ለሁለቱ ብቻ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያ ማዕበል ላይ ሆኜ የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልተሟላ ስለ ነበር፣ የተሟላውን እዚህ ለመጻፍ ወሰንኩ።

የምገመግመው ኮስታል ቨርጂንያ ኦፍሾር ዊንድ በሚል ስም የሚታወቀውን ፕሮጀክት፣ በተለይም የመጀመሪያውን የሙከራ ምዕራፍ ነው። እኔ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የምኖር፣ እንደ አብዛኛው የሰሜን ቨርጂንያ ሐበሻ ሁሉ የኤሌክትሪክ ሒሳቤን ለዶሚኒየን ኢነርጂ የምከፍል ሰው ነኝ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በአገር ቤት በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ሥራ ላይ ለዐሥራ አንድ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ፕሮጀክቱን የምመዝነው በአንድ በኩል እንደ ባለሙያ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በየወሩ ከኪሱ እንደሚያወጣ ደንበኛ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

በመጀመሪያ ዕቃውን ልግለጽ። ተርባይኖቹ እያንዳንዳቸው 6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የሲመንስ ጋሜሳ ሥሪቶች ናቸው። የአንዱ ክንፍ ርዝመት 75 ሜትር ሲሆን ሦስቱ ክንፎች ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ 154 ሜትር ስፋት አለው፤ ክንፉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም ጫፉ ከባሕሩ በላይ 189 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ማርሽ የላቸውም፤ ክንፎቹ የተያያዙበት ዘንግ ጄኔሬተሩን በቀጥታ ያዞረዋል፣ ይህም በባሕር ላይ ጥገና ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። መሠረታቸው ወደ ባሕሩ ወለል የተተከለ አንድ ወጥ የብረት ቱቦ ሲሆን ባሕሩ በዚያ ቦታ 25 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ኃይሉ በ34.5 ኪሎ ቮልት ኬብል 43 ኪሎ ሜትር በባሕሩ ወለል ሥር ተጉዞ ካምፕ ፔንድልተን በተባለው የግዛቲቱ ወታደራዊ ቅጥር ግቢ ወደ የብስ ይወጣል። ከጉዟችን በፊት በነበረው ቀን በዚያ አካባቢ ባለው የባሕር ዳርቻ በእግሬ ስሄድ ኬብሉ የሚያልፍበትን የሚያመለክት ነገር ፈልጌ አሸዋና ዋናተኛ ብቻ ነበር ያየሁት። ኬብሉ ከባሕር ዳርቻው ሥር በአግድም ቁፋሮ እንዲያልፍ መደረጉ ለነዋሪው የተደረገ አክብሮት ነው፤ ሥራውም ንጹሕ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዕቅዱ ልግባ። ዶሚኒየን ከቨርጂንያ ጠረፍ ወዲያ ያለውን 112,799 ኤከር የባሕር ክልል በ2013 በፌዴራል መንግሥቱ ጨረታ በ1.6 ሚሊዮን ዶላር ተከራየ። በዚያን ጊዜ ኩባንያው በባሕር ላይ አንድም ተርባይን ተክሎ አያውቅም፤ አገሪቱም ብትሆን የመጀመሪያውን የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጣቢያ፣ በሮድ አይላንድ ብሎክ ደሴት አጠገብ ያሉትን አምስት ተርባይኖች፣ ሥራ ያስጀመረችው በ2016 ነው። ስለዚህ የታሰበው ጥሩ ነበር፤ በሰፊው የንግድ ክልል ላይ ከመዝመት በፊት በጠርዙ ላይ ትንሽ የምርምር ክልል ተለይታ በሁለት ተርባይኖች ብቻ ባሕሩን፣ ነፋሱን፣ የፈቃድ አሰጣጡንና የመርከብ ሥራውን መፈተሽ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2015 ይህችን የምርምር ክልል በሊዝ የሰጠው ለኩባንያው ሳይሆን ለቨርጂንያ ግዛት የማዕድንና የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነው፤ በፌዴራል ውኃ ላይ ለነፋስ ኃይል ምርምር ተብሎ የተሰጠ የመጀመሪያው የሊዝ ውልም ይኸው ነው። የውሉ ባለቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሠሪው ደግሞ ኩባንያው መሆኑን ከዕቅዱ ብልህ ውሳኔዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ምርምር የሚባል ነገር የሕዝብ ወገን ካልያዘው በቀላሉ የንግድ ምሥጢር ሆኖ ይቀራልና።

ይሁንና ከውሉ እስከ ብረቱ ድረስ የነበረው መንገድ ረጅም ሆነ። የመጀመሪያው ሐሳብ በአልስቶም ተርባይኖችና እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ በተጣመሙ የብረት እግሮች ላይ የቆመ ነበር። አልስቶም የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በመቀሌ አቅራቢያ በአሸጎዳ ካሉት 84 ተርባይኖች 54ቱ የዚሁ ኩባንያ ሥሪት ናቸው። የፌዴራሉ የኢነርጂ ሚኒስቴር በ2014 እስከ 47 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ ለመስጠት መረጠው። ነገር ግን የሥራ ተቋራጮች ዋጋ ሲመጣ 230 ሚሊዮን ገደማ ተብሎ የታሰበው ሥራ ከ375 እስከ 400 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ሥራውን አቁሞ ባለድርሻዎችን ሰብስቦ ጨረታውን በድጋሚ አወጣ፤ ጊዜው ሲራዘምም ሚኒስቴሩ በ2016 ድጋፉን አነሣ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ያየዋል፤ እኔ ግን ከዕቅዱ ሁሉ በጣም የማከብረው ይህንን መቆም ነው። አንድ ጊዜ የመንግሥት ድጋፍ ተገኝቷልና በማንኛውም ዋጋ እንግባበት ሳይባል፣ ያልተሞከረው የመሠረት ዓይነት ተትቶ በሰሜን ባሕር ለዓመታት የተፈተነው ወጥ ቱቦ ተመረጠ፤ በ2017ም ዛሬ ኦርስቴድ የሚባለው የዴንማርኩ ዶንግ ኢነርጂ ግንባታውን እንዲመራ ተዋዋሉ። ዴንማርክ በ1991 በቪንድቢ የዓለምን የመጀመሪያ የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ጣቢያ የተከለች አገር ናት። የሚያውቅን ሰው ጠይቆ መሥራት አያሳፍርም።

በዚህ ሥራ ላይ ለደንበኛ ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ በኖቬምበር 2018 የቨርጂንያ የታሪፍ ተቆጣጣሪ የሆነው ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የሰጠው ውሳኔ ነው። ኮሚሽኑ ፕሮጀክቱን ፈቀደ፤ ሲፈቅድ ግን በተለመደው የአዋጭነት መለኪያ ቢመዘን ኖሮ አስተዋይነት ያለበት ወጪ ነው ሊባል እንደማይችል በግልጽ አስፍሯል። የፈቀደውም የግዛቲቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ፕሮጀክት ለሕዝብ ጥቅም ነው ተብሎ ስለ ተደነገገ መሆኑን ገለጸ። በኮሚሽኑ ስሌት ከእነዚህ ሁለት ተርባይኖች የሚገኘው ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት 78 ሳንቲም ያወጣል፤ አዲስ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ግን በ9.4 ሳንቲም ያቀርበዋል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኮሚሽኑ አክሎም ሥራው ለውድድር ክፍት ሆኖ አለመሰጠቱንና ሥጋቱ በሙሉ ማለት ይቻላል በደንበኛው ትከሻ ላይ መውደቁን አመለከተ።

ይህን ሰነድ ሳነብ የተሰማኝን ሳልሸፋፍን ልናገር። ቁጥሩ አልደነቀኝም፤ ምክንያቱም 300 ሚሊዮኑን ለ12 ሜጋ ዋት ስናካፍለው ለአንድ ሜጋ ዋት 25 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል፣ ይህም ከወጪዎቹ ጠባይ የሚጠበቅ ነው። የ43 ኪሎ ሜትር ኬብል ሁለት ተርባይን ቢያገናኝም ሃያ ቢያገናኝም በባሕሩ ወለል ሥር የመቅበሪያውን ዋጋ በእጅጉ አይለውጠውም። መርከቡ ከአውሮፓ የሚመጣበት ዋጋም፣ የፈቃዱ ሰነድም፣ የአእዋፍና የዓሣ ነባሪ ጥናቱም እንዲሁ ነው። ይህ ሁሉ ቋሚ ወጪ በሁለት ምሰሶ ላይ ብቻ ሲወድቅ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ሰማይ መንካቱ የማይቀር ነው። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ወጪው ለብቻው በሒሳብ ወረቀት ላይ በሚታይ መስመር ሳይሆን በመነሻው ታሪፍ ውስጥ እንዲሸፈን መደረጉ ነው። ምርምር ስለሆነ ዋጋው ይወደዳል ብሎ ለደንበኛው ፊት ለፊት መንገር ይቻል ነበር፤ እኔ ብነገረኝ እሺ እል ነበር። ለትምህርት የሚከፈል ክፍያ እንደ ኤሌክትሪክ ዋጋ ተቆጥሮ ከሌላው ጋር ሲደባለቅ ግን ትምህርቱ ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።

ትምህርቱ ግን በእርግጥ ተሰጥቷል፤ ለአክስቴ ልጅ በደንብ ልነግረው የሚገባኝም ይህንን ነበር። የመጀመሪያው የተገኘው ትምህርት የመርከብ ነው። አሜሪካ ከ1920 ጀምሮ ባላት ሕግ መሠረት በውጭ አገር ባንዲራ የሚሄድ መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ዕቃ ጭኖ ወደ ሌላ የአሜሪካ ነጥብ ማራገፍ አይችልም፤ በባሕር ወለል ላይ የተተከለ መሠረትም እንደ ነጥብ ይቆጠራል። ተርባይን ተካይ መርከብ ደግሞ በአሜሪካ ባንዲራ አንድም አልነበረም። ስለዚህ የቤልጅየሙ ጃን ደ ኑል ኩባንያ መርከብ ቮል ኦ ቫን ዕቃውን የጫነው ከቨርጂንያ ወደብ ሳይሆን ከካናዳዋ ሃሊፋክስ ነው። በሁለት ተርባይን ይህ ይቻላል፤ ከሙከራው በኋላ ለሚሠራው ዋና የንግድ ጣቢያ በታቀዱት 176 ተርባይኖች ግን እንደማይሆን ያየው ኩባንያ በቴክሳስ ብራውንስቪል የራሱን መርከብ አሠራ፣ ካሪብዲስ ብሎም ሰየማት። የመርከቧ ዋጋ መጀመሪያ ከተገመተው 500 ሚሊዮን ዶላር አልፎ 715 ሚሊዮን መድረሱ፣ ከታሰበውም ጊዜ ዘግይታ በ2025 መድረሷ መልካም ዜና አይደለም። ሆኖም መርከብ የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ መሆን እንዳለበት ሙከራው አስተምሯል።

ሁለተኛው ትምህርት ድምፅን ይመለከታል፤ እኔ እንደ ምርምር በጣም የወደድኩትም እርሱን ነው። የብረት ቱቦ ወደ ባሕር ወለል በመዶሻ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ በውኃ ውስጥ እጅግ ሩቅ ይሄዳል፣ በድምፅ ለሚኖሩት ዓሣ ነባሪዎችም አደጋ ነው። ይህን ለመቀነስ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በምሰሶው ዙሪያ በባሕሩ ወለል ላይ ይዘረጋና አየር በኃይል ይገፋበታል፤ ወደ ላይ የሚወጣው አረፋ እንደ መጋረጃ ሆኖ ድምፁን ይሰብረዋል። በዚህ ፕሮጀክት ድርብ የአረፋ መጋረጃ በአንዱ ምሰሶ ላይ ተዘርግቶ፣ ሌላው ያለ መጋረጃ ተመትቶ፣ ሁለቱ ድምፆች ተለክተው ተነጻጸሩ። በአንድ ባሕር፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት ምሰሶ ላይ የተደረገ ንጽጽር ነው፤ ሁለት ብቻ መሆናቸው እዚህ ላይ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ሆነ። በዋናው ግንባታ ላይ የምሰሶ መትከል ሥራ ከሜይ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ብቻ እንዲሆን የተገደበውም ቁጥሩ እጅግ ለተመናመነው የሰሜን አትላንቲክ ዓሣ ነባሪ ሲባል ነው፤ በ2024ቱ የመጀመሪያ ወቅት 78 ምሰሶዎች በዚህ ገደብ ውስጥ ተተክለዋል።

ተርባይኖቹ በጁን 2020፣ ወረርሽኙ ዓለምን ቤት ዘግቶ ባስቀመጠበት ወር ቆሙ። በኦገስት መጀመሪያ አይዛያስ የተባለው ማዕበል በደቡብ ምሥራቅ ቨርጂንያ በኩል አለፈ፣ ሁለቱም ግን እንደ ቆሙ ናቸው። በፌዴራል ውኃ ላይ የቆሙ የመጀመሪያዎቹ ተርባይኖች በመሆናቸው ከመሠረት ንድፍ እስከ ማዳኛ ሄሊኮፕተር ድረስ ያለውን የፈቃድ ሰንሰለት በተግባር ያለፉት እነርሱ ናቸው። ይህን ጥቅም በኪሎ ዋት ሰዓት ማስላት አይቻልም፤ ግን በፌዴራል መሥሪያ ቤት ወረቀት ይዞ የተመላለሰ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ጉድለቱን ለመናገር ግን ከሌላ ምርምር ጋር ማነጻጸር ይሻላል። ጀርመኖች ከቦርኩም ደሴት በስተ ሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ላይ አልፋ ቬንቱስ የተባለውን የመጀመሪያ የባሕር ላይ ጣቢያቸውን በ2010 ሲያስመርቁ፣ በአጠገቡ ፊኖ 1 የተባለ የመለኪያ መድረክ ከ2003 ጀምሮ ቆሞ ነፋሱንና ማዕበሉን ሲመዘግብ ነበር። ተርባይኖቹ 12 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 5 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ሆን ተብሎም የሁለት አምራቾች ሥራ እንዲሆኑ ተደርገዋል፣ መሠረታቸውም ሁለት ዓይነት ነው። ወደ 1,200 የሚጠጉ መለኪያዎች ተገጥመውባቸዋል። የምርምሩ ገንዘብ ከግንባታው ገንዘብ ተለይቶ፣ ራቭ በተባለ የራሱ መርሐ ግብር ሥር በመንግሥት ተመድቦለት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የአንዱ አምራች ስድስቱም ተርባይኖች ተበላሽተው የጄኔሬተር ቤታቸው በሙሉ ተለወጠ፤ ይህ ለአምራቹ ኪሳራ ቢሆንም ለአገሩ ግን መቶ ተርባይን ከመተከሉ በፊት በስድስቱ የታየ ጉድለት ነው። ምርምር ማለት ይኸው ነው።

በቨርጂንያ የሌለውም እንግዲህ ይህ ነው። ሁለት ተርባይኖች አንዱ የሌላውን ነፋስ ምን ያህል እንደሚሰርቅ ሊነግሩን አይችሉም። አንድ ተርባይን ነፋሱን ከተጠቀመበት በኋላ በስተ ኋላው የተረበሸና የደከመ አየር ይተዋል፤ በረድፍ የቆሙት ኋለኞቹ ያንን ይቀበላሉ። በ176 ተርባይኖች ጣቢያ ውስጥ ይህ ኪሳራ በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በሙከራው ግን ሊለካ የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። በተጨማሪም የሙከራዎቹ አቅም 6 ሜጋ ዋት ሲሆን ለዋናው ጣቢያ የተመረጡት እያንዳንዳቸው እስከ 14.7 ሜጋ ዋት ይደርሳሉ፣ የክንፋቸው ክብም 222 ሜትር ነው። አምራቹ አንድ ቢሆንም ዕቃው ሌላ ነው። ስድስት ወይም ስምንት ተርባይኖች በሁለት ረድፍ ቢተከሉ ኖሮ የኬብሉ ዋጋ ይከፋፈል፣ የነፋሱ መስተጓጎልም ይለካ ነበር። ይህ ከአሁን ወዲህ ሊታረም የማይችል የዕቅድ ጉድለት ነው፤ ከአምስት ኮከብ አንዱን የምቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ዋናው ጣቢያ ባጭሩ ልናገር፤ ግምገማዬ የእርሱ ባይሆንም የሙከራው ፍሬ የሚታየው በእርሱ ነውና። አቅሙ 2,587 ሜጋ ዋት ሲሆን 660,000 ቤቶችን ይመግባል ተብሎ የታቀደ ነው። ኮሚሽኑ በ2022 ሲፈቅደው ዋጋው 9.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህ ለአንድ ሜጋ ዋት 3.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማለት ነው፣ ከሙከራው 25 ሚሊዮን ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። በፌብሩወሪ 2025 ዋጋው ወደ 10.7 ቢሊዮን ከፍ ማለቱ ተገለጸ። ደስ የሚያሰኘው ግን ሥጋቱ በደንበኛው ላይ ወደቀ ያለው የ2018ቱ የኮሚሽኑ ጩኸት መና አለመቅረቱ ነው። በ2022 መጨረሻ በጸደቀው ስምምነት መሠረት ዋጋው ከ10.3 እስከ 11.3 ቢሊዮን ባለው መካከል ቢወጣ ጭማሪው በደንበኛውና በኩባንያው ባለአክሲዮኖች መካከል እኩል ይከፈላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 13.7 ቢሊዮን ያለውን ደግሞ ባለአክሲዮኖቹ ብቻቸውን ይሸከማሉ። ወጪውም እንደ ሙከራው ተደብቆ ሳይሆን በሒሳብ ወረቀቱ ላይ ራሱን በቻለ መስመር ይታያል። ኮሚሽኑ ባሰላበት ጊዜ ለአንድ አማካይ ቤት በወር በአማካይ 4.72 ዶላር፣ በ2027 ደግሞ እስከ 14.22 ዶላር ይጨምራል ብሎ ነበር። ሒሳባችሁን የምትከፍሉ ወገኖቼ ያንን መስመር ፈልጋችሁ እንድታነቡት አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁሉም ነገር የሠመረ አይደለም። ሲመንስ ጋሜሳ በፖርትስመዝ ሊያቆመው የነበረው የክንፍ ፋብሪካ በ2021 በታላቅ ተስፋ ተነግሮ በ2023 ተሰርዟል፤ በዚያ አካባቢ ያሉ ሠራተኞች ተስፋ ያደረጉት ነገር ነበር፣ እኔንም አሳዝኖኛል። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት በብሔራዊ ደኅንነት ምክንያት ይህንን ጨምሮ በአምስት የባሕር ላይ ፕሮጀክቶች ላይ ሥራ አስቁሞ ነበር፤ ዶሚኒየን በኖርፎክ ፍርድ ቤት ከስሶ በጃኑወሪ 2026 ሥራውን እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ማንም ቢፈርድ፣ መሠረቱ ሁሉ ተተክሎ ካለቀ በኋላ የሚመጣ የእገዳ ሥጋት በዕቅዱ ላይ የሚጨምረው ወጪ በመጨረሻ የሚወድቀው በማን ላይ እንደሆነ ከላይ ያለው የዋጋ ክፍፍል ይነግረናል።

አገር ቤት በኢነርጂ ዕቅድ ላይ ላላችሁ የሥራ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። እኛ የባሕር ጠረፍ የለንም፤ ግን አሸጎዳን በ120 ሜጋ ዋት፣ አዳማ አንድን በ51፣ አዳማ ሁለትን በ153 ሜጋ ዋት ተክለናል። አዳማ አንድ ሥራ ሲጀምር በ34 ተርባይኖቹ ላይ የተገኘውን ልምድ፣ ማለትም ነፋሱ በየወሩ ስንት እንደ ሰጠ፣ የትኛው ዕቃ ስንት ጊዜ እንደ ቆመ፣ በአንድ ጥራዝ አዘጋጅቶ ለሚቀጥለው ተቋራጭ በጨረታ ሰነዱ ማያያዝ ዋጋው የወረቀት ብቻ ነው። ቨርጂንያ ይህን ዓይነት ትምህርት ለማግኘት 300 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። አራቱ ለትዕግሥቱ፣ ለአረፋው መጋረጃ ንጽጽር፣ ለፈቃዱ ጎዳናና ለንጹሕ አሠራሩ ነው፤ ያልተሰጠው አንዱ ለተርባይኖቹ ቁጥር ማነስ ነው። ወጪው የተሸፈነበትን መንገድ ለብቻው ብመዝነው ከሁለት ኮከብ በላይ አልሰጠውም ነበር።

ሄዳችሁ ማየት ለምትፈልጉ፦ ራሱን የቻለ የጉብኝት ጀልባ አትጠብቁ፣ ቀኑን ሙሉ ለዓሣ አጥማጆች ከሚከራዩት ጀልባዎች አንዱን አነጋግሩ። እኛ የሄድንበት ጀልባ ስድስት ሰው የሚይዝ ሲሆን ዋጋውን ለስድስት ስንካፈለው ተመጣጣኝ ሆነ፤ መጀመሪያ ያነጋገርነው ሌላ ጀልባ ግን ገንዘብ ከተቀበለን በኋላ በዋዜማው ጉዞውን ሰርዞ ገንዘቡን ለመመለስ ሁለት ሳምንት አስጠብቆናልና ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የስረዛ ደንቡን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜ ይሻላል። ከሌሊቱ ጀምሮ ምግብ ቀለል አድርጉ፣ የባሕር ሕመም ክኒኑን ከመሳፈራችሁ አንድ ሰዓት በፊት ዋጡ፤ የአክስቴ ልጅ ይህን ባለማድረጉ መልሱን ጉዞ በሙሉ ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ከተርባይኖቹ ሥር ስትደርሱ ካፒቴኑ ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ እንዲያጠፋላችሁ ለምኑት፣ ወደ ውኃውም አጎንብሱ፤ በመሠረቱ ዙሪያ የሚርመሰመሱትን ዓሣዎች ከላይ ሆናችሁ በዓይናችሁ ታዩአቸዋላችሁ።